ጆሮህን ፋብሪካ ውስጥ ድፈነው፣ አስፋልት ላይ ክፈተው

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት እሠራለሁ። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ በሳይክል 25 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስሄድም ስመለስም ኤርፎን ጆሮዬ ውስጥ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ማሽን ሲጮህብኝ ይውላል፤ የኔ የምላት ያቺን 25 ደቂቃ ብቻ ናት። ጠዋት መንዙማ፣ ማታ አምባሰል ወይ ባቲ እከፍትና ፈታ ብዬ እነዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ከኋላዬ መጥቶ መሪዬን ነካው። ወድቄ ክርኔ ተላጠ፤ ሌላ ነገር አልሆንኩም። ባለባጃጁ "ስንት ጊዜ ክላክስ አደረግኩልህ!" ብሎ ጮኸብኝ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም። ቤት ገብቼ ይህን ሳወራ ታላቅ እህቴ ኤርፎኑን ወስዳ ደበቀችው። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል። እኔ የምለው፣ ባለመኪናው መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃውን ለቆ ይነዳ የለም? መስማት የተሳናቸው ሰዎችስ ሳይክል ይነዱ የለም? የኔ ብቻ ጥፋት የሚሆነው ለምንድን ነው? አንዱን ጆሮ ብቻ ባደርግስ? እባክዎ ይፍረዱን።

ሳይክለኛው ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ ሳይክለኛው፣

እንኳን በክርንህ ብቻ አለፈ። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ያልኩት "ተመስገን" ነው።

ፍረዱን ስላልክ ፍርዱን አላዘገይብህም። አስፋልት ላይ ኤርፎኑ ይውጣ። ከሁለቱም ጆሮ ይውጣ። የእህትህ ስጋት ልክ ነው፤ መደበቋን ግን አልወደድኩትም፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። እንዲሁ "ተው" ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ያቺ 25 ደቂቃ ለአንተ ምን እንደሆነች ገብታኛለች። ስለዚህ ቁጭ ብለን እናውራ።

የምትነዳበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ኮምቦልቻ መጋጠሚያ ናት። ከአዲስ አበባ በከሚሴና በሐርቡ የሚመጣው፣ ከደሴ በሐረጎ የሚወርደው፣ ከጅቡቲ ወደብ በሚሌና በባቲ የሚወጣው፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። ተሳቢው፣ ቦቴው፣ ሲኖው አይቋረጥም። በመሃል ደግሞ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ፍየል የሚነዳ ልጅ አለ። ባጃጁ ተሳፋሪ ካየ ሳያስጠነቅቅ ይታጠፋል። ሳይክል ያለህ አንተ ከሁሉም ቀጭኑ ነህ።

እዚያ መንገድ ላይ ሰው የሚነጋገረው በምንድን ነው? በክላክስ ነው። እኛ አገር ክላክስ ቋንቋ ነው። አጭሯ "ከኋላህ አለሁ" ናት። ሁለቴ ስትደጋገም "ልቀድምህ ነው፣ ጥግህን ያዝ" ትላለች። ረዥሙ "መቆም አልችልም፣ ዘወር በል" ነው። ክላክስ ያደረገ ሹፌር ደግሞ "ነግሬዋለሁ" ብሎ ያስባል። ሰምተህ ጥግ እንደምትይዝ ተማምኖ ነው የሚመጣው። እንዳልሰማኸው በምን ያውቃል? ኤርፎንህ ከኋላ አይታየውም። ያ ባለባጃጅ "ስንት ጊዜ" ሲልህ ውሸቱን አልነበረም። አንተም "አልሰማሁም" ስትል እውነትህን ነው። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ ክርንህ ተላጠ።

የኔን ልንገርህ። ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ በሳይክል እየተመለስኩ ነበር፤ ወደ 12 ሰዓት ማታ ግድም። ኤርፎን አድርጌ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። ጥጉ ላይ አሸዋ የፈሰሰበት ቦታ ደረስኩና እሱን ልሸሽ ወደ ግራ ወጣሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ለምን አላየሁም? ጆሮዬ ምንም ስላልነገረኝ መንገዱ ባዶ መስሎኝ ነዋ! ቀጥሎ ያየሁት የአንድ አይሱዙ ግንባር ነው፤ ግራ ትከሻዬ ጋ ቆሟል። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ረዳቱ ከጋቢናው ግማሽ አካሉን አውጥቶ በሩን በመዳፉ እየደበደበ ይጮኻል። ድምፁ ግን አልተሰማኝም። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር ብቻ ነው ያየሁት። ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ሴት በለዘበ ድምፅ ዜና ታነባለች። ኤርፎኑን ስነቅለው "እናትህን ልታስለቅሳት ነው ወይ!" የሚለው ደረሰልኝ።

እስካሁን ያ አፍ በዓይኔ ላይ አለ። እኔን ያሳተኝ ጸጥታው ነው። ጆሮ "ምንም የለም" ሲል ዓይን ይሰንፋል። አንገት አይዞርም። አንተም ከኋላህ ያለውን የምታውቀው በጆሮህ ነው፤ ሳይክል ላይ ዓይንህ ፊት ለፊቱን ጉድጓድ እየጠበቀ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንተ በ15 ብትነዳ በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። በየሰከንዱ 10 ሜትር እየቀረበህ ነው ማለት ነው። ከኋላህ 50 ሜትር ላይ ያለው በ5 ሰከንድ ትከሻህ ጋ ይደርሳል። አምስት ሰከንድ ለሰማ ሰው ብዙ ነው። ክላክሱን ይሰማል፣ ጥግ ይይዛል፣ መሪውን ያጠብቃል። ላልሰማ ሰው ግን አንድ የዘፈን ስንኝ እንኳ አይጨርስም።

አንዳንዴ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ወጥተህ በሐረጎ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ ይባስ። ያ 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ እሱም ጥምዝምዝ ነው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ዓይን ከጥቂት እርምጃ አያልፍም። ያኔ ያለህ ጆሮህ ብቻ ነው። ከታች ማርሽ ቀንሶ እያጓራ የሚወጣውን ተሳቢ ሳታየው በፊት ትሰማዋለህ። ሳይክልህ ራሱም ያወራል። የፍሬን ጎማ ሲያልቅ ብረት ይፍቃል፣ ካቴና ሲላላ ይንኳኳል፣ ጎማ ሲተነፍስ ያፏጫል። ቁልቁለት ላይ ይህን ሳትሰማ እንዳትወርድ፣ አደራህን።

አሁን ወደ ክርክርህ። ባለመኪናው ሙዚቃውን ለቆ መንዳቱን እኔም አልወደውም። አምቡላንስ ከኋላው እየጮኸ መንገድ የማይለቅ ስንቱን አይቻለሁ። ግን እሱ ብረት ውስጥ ነው። ቀበቶ አለው፣ ስፖኪዮው በግራም በቀኝም በመሃልም ኋላውን ያሳየዋል። እሱ ሲሳሳት መብራቱ ይሰበራል። አንተ ስትሳሳት የሚሰበረውን ታውቀዋለህ።

መስማት የተሳናቸውን ማንሳትህ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አሰብኩበት። አዎ ይነዳሉ፣ በደንብም ይነዳሉ። እነሱ ግን እንደማይሰሙ ያውቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን በዓይን ሲሰሙ ነው የኖሩት። ከኋላ የሚመጣ መብራት አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ ያያሉ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ወዴት እንደደነገጠ ያያሉ፣ ቶሎ ቶሎ ዞር ይላሉ። አንተ ጆሮህን ተማምነህ ነው ያደግከው። ኤርፎን ስትሰካ ጆሮህ ይዘጋል፤ መተማመኑ ግን አብሮ አይዘጋም። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

አንዱን ጆሮ ብቻስ? ከሁለቱ ይሻላል፤ በቂ ግን አይደለም። በኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ የሚቀድምህ መኪና በግራህ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ቢያንስ ግራው ክፍት ይሁን ይባላል። ነገር ግን ጆሮ ሁለት የሆነው በምክንያት ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ግራውን ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀኙን ዘግይቶ። ልዩነቷ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ታንሳለች። አእምሮ ግን በእሷ ነው ድምፁ ከየት እንደመጣ የሚለየው። አንዱን ስትደፍን ክላክሱን ትሰማና ከየት እንደሆነ ትደናገራለህ። መጋጠሚያ ላይ ያቺ መደናገር ወደ ተሳሳተው ጎን ታስዞርሃለች።

ገመድ አልባው ኤርፎን ከሆነ ያለህ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። አንዳንዱ የውጪን ድምፅ የሚያጠፋ አሠራር አለው። በትንንሽ ማይክራፎን የውጪውን ይሰማና ተቃራኒ ሞገድ ፈጥሮ ያጣፋዋል። ይህ በደንብ የሚሳካለት ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ የምትለው ምንድን ነው? የተሳቢ ሞተር ነው። ይህን አሠራር መንገድ ላይ መክፈት ተሳቢውን ከመንገዱ አያወጣውም፤ ከአእምሮህ ብቻ ያወጣዋል። በጉንጭ አጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፍ፣ ጆሮ የማይደፍን ዓይነትም አለ። እሱ ከሌሎቹ ይሻላል። ግን ድምፁን ከፍ ካደረግከው ያው ነው፣ ሐሳብህም ዘፈኑ ላይ ነው። በኤርፎን ስልክ ማውራት ደግሞ ከሙዚቃውም ይብሳል። ሙዚቃ መልስ አይጠይቅህም፤ ደዋይ ይጠይቅሃል። ስልክ ሲጠራ ጥግ ያዝ፣ ቁም፣ ከዚያ አንሳው።

አገሮች በዚህ ላይ አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። ፈረንሳይ ከጁላይ 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሹፌርም ሳይክለኛም ጆሮው ውስጥ ኤርፎን እንዳያደርግ ከልክላለች፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ጀርመን ኤርፎኑን አትከለክልም፤ የመንገዱን ድምፅ እንዳትሰማ እስኪያደርግህ ከደረሰ ግን ጥፋት ነው። አንተን የሚያስገድድህ ግን ሕጉ እንዲሆን አልፈልግም።

ከደብዳቤህ በጣም ያሳሰበኝ አንተ ራስህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍካት ነገር ናት። "ስምንት ሰዓት ሙሉ ማሽን ሲጮህብኝ ይውላል" ብለሃል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከሥራ ስትወጣ ጆሮህ ጥጥ የገባበት ዓይነት ስሜት ይሰማሃል? ጭው ይልብሃል? ቤት ስትገባ "ለምን ትጮኻለህ" ይሉሃል? ይህ ጆሮ ሲደክም የሚመጣ ነገር ነው። ከፍተኛ ድምፅ ውስጥ የዋለ ጆሮ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ቀስ ያለ ድምፅ መስማት ያቅተዋል። ዕረፍት ካገኘ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ዕረፍት ካጣና በየቀኑ ከተደጋገመ ግን የማይመለስ ጉዳት ይሆናል። በጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ረቂቅ ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ እንደገና አይበቅሉም።

አሁን ይህን ከሳይክሉ ጋር አገናኘው። ማታ ከፋብሪካው በር ስትወጣ ጆሮህ ቀድሞውኑ ደክሟል። ኤርፎኑን ትሰካለህ። አምባሰሉ ትንሽ ይሆንብሃል። ትጨምረዋለህ። ነፋሱ ይነፍሳል፣ ሲኖው ያልፋል፣ እንደገና ትጨምረዋለህ። የት እንደደረሰ አይታወቅህም፤ ምክንያቱም መለኪያው ራሱ፣ ጆሮህ፣ ደንዝዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። ወደ 90 ካደረስከው በሳምንት የሚፈቀድልህ 4 ሰዓት ብቻ ነው። የአንተ ምልልስ በቀን 50 ደቂቃ ነው። በስድስት የሥራ ቀን አባዛው፤ 5 ሰዓት ይሆናል። ፋብሪካው ገና አልተቆጠረም።

ለሥራ ቦታ ደግሞ ብዙ አገር የሚጠቀምበት ወሰን ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። መለኪያ ባይኖርህ በዚህ ሞክረው፦ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ያለ ጓደኛህ እንዲሰማህ መጮህ ካለብህ ወሰኑ ሳይታለፍ አይቀርም። ስለዚህ ነገ አለቃህ ጋ ሂድና የጆሮ መድፈኛ ጠይቅ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሊያገኘው የሚገባ ነገር ነው፤ አትፈር። ለስላሳው ስፖንጅ ዓይነት ከተሰጠህ በንጹህ እጅ ጠቅልለህ አቅጥነው፤ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ አስገባውና እስኪነፋ ያዘው። ዝም ብሎ ጫፉ ላይ የተቀመጠ መድፈኛ ምንም አይከለክልም። ከሥራ ስትወጣ አውልቀው። ጆሮህ ያልደከመ ከሆነ ያቺ 25 ደቂቃም ሙዚቃ እንደዚህ አትርብህም። የራበህ ሙዚቃ ብቻ አይመስለኝም፤ ዕረፍት ነው።

ጆሮህን ክፈት ስልህ ግን ጆሮህን ብቻ አትመን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ የሚገባው የቤት መኪና የኤሌክትሪክ ነው። አስተውለኸው ከሆነ ቀስ ብሎ ሲነዳ ሞተሩ አይሰማም። አውሮፓውያን ይህ ስላሳሰባቸው አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ፣ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ሆን ብለው ድምፅ እንዲያወጡ አስገድደዋል። ስለዚህ ከጥግህ ከመውጣትህ በፊት ሁልጊዜ በግራ ትከሻህ ላይ ዞር ብለህ እይ። ዞር ስትል መሪው አብሮ ይዞራል፤ ሁሉም ጀማሪ እንዲያ ነው። እሁድ ጠዋት መኪና የሌለበት ሜዳ ላይ ተለማመደው። ቀጥ ብለህ እየነዳህ ከኋላህ ያለው ጓደኛህ ስንት ጣት እንዳነሳ ተናገር። በሁለት እሁድ ይገባሃል። መሪ ላይ የሚታሰር ትንሽ መስታወትም ካገኘህ ግዛ። ማታ የምትመለስ ከሆነ ኋላህ ቀይ መብራት ወይም አንጸባራቂ ይኑርህ፤ ሄልሜትም።

ሙዚቃውስ? ወሎ ላይ ተወልዶ ያለ ዜማ ኑር የሚል ሰው አልሆንብህም። መንዙማ አውጪና ተቀባይ ያለው ነገር ነው። ጠዋት ስትነዳ አንተው አዚመው። አምባሰልንም አንተው አንጎራጉረው። የራስህ ድምፅ ጆሮህን አይደፍነውም፤ ተሳቢ ሲመጣም በራስህ ፈቃድ ዝም ትላለህ። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መንገድ ዳር ያሉ ልጆች አንዳንዴ ይስቁብኛል፣ አንዳንዴ ይቀበሉኛል።

የእህትህ ነገር ቀረኝ። ንብረትህን ሳትጠይቅህ መውሰዷ ልክ አልነበረም፤ 24 ዓመትህ ነው። ግን ያን ቀን በሩን ከፍተህ ስትገባ እሷ ያየችው ክርንህን አልነበረም። ሳትገባ የምትቀርበትን ማታ ነው ያየችው። ታላቅ እህት እንዲህ ያለውን ነገር በቃል መናገር ያቅታትና እቃ ትደብቃለች። አንተ ታናሽ ነህና ቅድሚያውን ውሰድ። ዛሬ ማታ ቡና ላይ ቁጭ በልና "እትዬ፣ አስፋልት ላይ አላደርገውም" በላት። ሌላ ክርክር አትጨምርበት። አንቺም እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ቃሉን ሲሰጥሽ መልሺለት።

ስትመልስልህ ቦርሳህ የውስጥ ኪስ ውስጥ ክተተውና ዚፑን ዝጋው። ቤት ገብተህ፣ ሳይክሉን አስደግፈህ፣ እግርህን ታጥበህ፣ ጆሮህም ትንሽ አርፎ፣ ቡናው ሲቆላ ያኔ አውጣው።